አጀንዳ ሦስት፦ ገላጭ ፋይሎች የት ይቀመጡ

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ በር ሁሉ ይቆለፋል። እድሳት ነው። ምድጃው፣ የውሃ መስመሩ፣ ሊፍቱ፣ የበሩ ቁልፍ ራሱ አዲሱን ፕሮግራም ተቀብለው እስኪነሱ አስራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ቤት ውስጥ ተቆልፎበት መቆየት የማይወድ ሰው ቀደም ብሎ ይወጣና ደረጃ ላይ ይቀመጣል። የእኛ ሕንጻ ሰዎች ሁላችንም እንወጣለን። አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ ሌላው ጫማውን ይወለውላል፣ ሕጻናት ግድግዳው ላይ ኳስ ይመታሉ። ቤት የሚቀረው በሽተኛ ብቻ ነው። የሕክምና ማሽኖች በሐሙስ እድሳት ውስጥ ስለሌሉ በሽተኛ ቢቀር አያሰጋም። ደንቡ እንዲህ ይላል። ደንቡን ከጻፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ከአምስት ሳምንት በፊት በነበረው ሐሙስ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ባንጃው ስለ አዲሱ ምድጃቸው ያወሩናል።

"ትናንት ሽሮ ልሠራ ብዬ ባበራው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'የደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ጨው አይጨምሩ' አይለኝም!"

"ታዲያ ምን አሉት?" አልኳቸው።

"ምን እለዋለሁ? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚቆጣኝ አጥቼ ነበር። አመሰገንኩታ!"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በሩ ሲከፈት ገባሁ። ባለቤቴ አስራደ ሞቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። አስራደ የሚተነፍስበትን ማሽን ሊያይ የመጣው ባለሙያ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። "የትንፋሽ ማሽኑ በትክክል ሠርቷል። የሞት ምክንያት፦ የቆየ የሳንባ በሽታ" ይላል። ፈርሜ ተቀበልኩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩት፤ ኮሞዲኖው ላይ እንዳለም ሻርፕ አለበስኩት።

ሥራዬ የጥቅል ጉባኤ አባልነት ነው። አምስት ነን። በአገሪቱ ያለ ማሽን ሁሉ፣ ከበር ቁልፍ እስከ ውሃ ፓምፕ፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ይሠራል፤ ፕሮግራሙም ወደ ማሽኑ የሚገባው ተጠቅልሎ ነው። በየጥቅሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ እያንዳንዱ ፋይል የት እንደሚቀመጥ የምንወስነው እኛ ነን። ለሰው ሲያወሩት የሚያስቅ ሥራ ነው። አስራደ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ "ባለቤቴ የመንግሥትን ቁም ሳጥን የምታስተካክል ናት" ይል ነበር።

ከየጥቅሉ ጋር ገላጭ ፋይል የሚባል አብሮ ይመጣል። ማሽን ሲሳሳት የሚተወው መዝገብ የቁጥር ክምር ነው። ገላጭ ፋይሉ ያንን ቁጥር ወደ ቃል ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙ የቱ መስመር ላይ እንደቆመ፣ ምን ይጠብቅ እንደነበር፣ መስመሩን ማን እንደጻፈውና ማን እንደፈቀደው ይናገራል። ፋይሉ ከሌለ መዝገቡ አለ፣ ግን አይነበብም። ደንባችን ገላጭ ፋይሉ ከፕሮግራሙ ጎን፣ እዚያው ማሽን ውስጥ ይቀመጥ የሚል ነበር። የፈለገ ሰው የገዛ ምድጃውን መዝገብ ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የሚፈልግ ሰው ግን እምብዛም አልነበረም።

አስራደ በሞተ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ተመለስኩ። አጀንዳ ሦስትን ሊቀመንበራችን አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው አነበቡት። ገላጭ ፋይሎች ከየማሽኑ ወጥተው በማዕከላዊ ማከማቻ፣ በተለየ ጥቅል ይቀመጡ የሚል ነው።

"ምክንያቱ ቀላል ነው" አሉ። "ቦታ ይይዛሉ። ከመቶ ማሽን ዘጠና ዘጠኙ ውስጥ ማንም ከፍቷቸው አያውቅም። የባለሙያ ዕቃ ባለሙያ ዘንድ ይቀመጥ። የፈለገ ሰው በማመልከቻ ይጠይቃል።"

"ማመልከቻውን የሚያየው ማነው?" አለች ኬሪያ። ኬሪያ ለአስራ ስምንት ዓመት ከአጠገቤ የተቀመጠች ባልደረባዬ ናት።

"የሊቀመንበሩ ቢሮ።"

"እርስዎ ማለት ነው።"

"ቢሮው ነው ያልኩት።"

"እሱን ቢሮ አውቀዋለሁ። መነጽር ያደርጋል፣ ከምሳ በኋላም ያንጎላጃል።"

ኢንጂነር ቶላ ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። አቶ ልዑልሰገድም ፈገግ አሉና ሁለተኛውን አንቀጽ ቀጠሉ። ገላጭ ፋይላቸው የወጣ የቆዩ መዝገቦች ማሽኑ ላይ መቆየታቸው ጥቅም ስለሌለው፣ ውሳኔው እንደጸደቀ በመጀመሪያው ሐሙስ ይጸዳሉ። ድምጽ የሚሰጠው ረቡዕ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ጉባኤ በሦስት ቀን የወሰነው ነገር አላየሁም። የአንድ አቃፊ ስም ለመቀየር ሰባት ወር ተከራክረን እናውቃለን። አቶ ልዑልሰገድ እያንዳንዱን አባል አስተያየት ጠየቁ። ቶላን ጠየቁ፣ አቶ ፍቅረማርያምን ጠየቁ፣ ኬሪያን ጠየቁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነበር።

"አንቺ አትድከሚ፣ እማዋይሽ። ገና ሐዘን ላይ ነሽ።"

ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጠው ነበር። ሦስቱንም ቀን የመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ወንበር አልተነሱም። በሦስተኛው ቀን "ማሽኑን ሰው ልኬ ላስነሳልሽ? ማየቱ ይከብድሻል" ብለውኝ ነበር። ያኔ ደግነት መስሎኝ አመስግኛቸዋለሁ።

ከሥራ እንደወጣሁ ሻርፑን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ መዝገቡን አልከፈትኩትም ነበር። ሙያዬ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን የደቂቃዎቹን ዝርዝር ማየት አልፈለግሁም። አሁን ከሐሙስ በኋላ ማየት እንደማልችል ስለተነገረኝ ከፈትኩት።

ቁጥር ነው። ከቁጥሩ በላይ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፦ "ገላጭ ፋይሉ በዚህ ማሽን ላይ የለም። ወደ ማዕከላዊ ማከማቻ ተዛውሯል።" የተዛወረበትን ቀን አየሁ። አስራደ ከሞተበት ሐሙስ በፊት ያለው ሰኞ ነው። ረቡዕ ልንወስነው የተቀመጥንበት ነገር በእኔ መኝታ ቤት ከተወሰነ አምስት ሳምንት አልፎታል።

ፋይሉ እንዲላክልኝ ማመልከቻ አስገባሁ። ምላሹ ሻርፑን አጥፌ ሳልጨርስ መጣ። "ጥያቄዎ በሊቀመንበሩ ቢሮ እየታየ ነው። እስከ ዓርብ ምላሽ ያገኛሉ።" ዓርብ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ተቀምጬ ስለ አቶ ልዑልሰገድ የማውቀውን ሁሉ እንደገና አሰብኩ። ልጃቸውን ድረናል። የአስራደን መድኃኒት ከውጭ ያስመጡልን እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ መልካም ነገር በአንድ ምሽት ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ያለምክንያት ይህን ያህል ደግ ይሆናል?

ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑን በዘንቢል ይዤ ቢሮ ገባሁ። ኬሪያ ዘንቢሉንም ፊቴንም አየች።

"ጎመን ገዝተሽ ነው እንዳልል ጎመን ገመድ የለውም" አለች።

ነገርኳት። ኬሪያ ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ከመሳቢያዋ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ ዲስኮች አሉ። በእጇ ያለፈውን ጥቅል ሁሉ ከነገላጭ ፋይሉ ቀድታ ታስቀምጣለች። ክልክል ነው።

"ክልክል መሆኑን አውቃለሁ" አለች ሳልጠይቃት። "በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተነገረኝ። የዚያን ለታ ነው ቆርቆሮውን የገዛሁት።"

ገላጭ ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር በአሻራ ይተሳሰራል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የኬሪያ ቅጂ አሻራው ገጠመ። ፕሮግራሙ አልተነካም ነበር፤ የተነካው የፋይሉ ቦታ ብቻ ነው።

"ላንብብልሽ?"

"ራሴ አነባለሁ።"

እንዲህ ይላል። አራት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ አነስተኛ ስህተት ተፈጠረ። የፕሮግራሙ ጠባቂ ፕሮግራሙን አቆመ። ጠባቂው ገላጭ ፋይሉን ፈለገ፤ በቦታው የለም። ከማዕከላዊ ማከማቻ ጠየቀ። መስመሩ ተጨናንቋል። ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ "ይጠብቃል" ነው። ስክሪኑን ወደ ታች ሳወርደው፣ ስክሪኑን ወደ ታች ሳወርደው፣ ያው ቃል ነው። አራት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሦስት ሰከንድ ላይ ፋይሉ ለአንድ ጊዜ ንባብ ደረሰ። ስህተቱ ታረመ። ፕሮግራሙ ተነሳ። ማሽኑ በትክክል እየሠራ ነው።

ጠባቂው ማለት ከእያንዳንዱ የሕክምና ማሽን ጋር ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዋናው ሲሳሳት ያቆመዋል፣ ስህተቱን ያነባል፣ ያርማል፣ መልሶ ያስነሳዋል። ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጅበት፤ ሰው ትንፋሽ ለመውሰድ የሚፈጅበትን ያህል። የሚያነበው ግን በገላጭ ፋይሉ ነው። ይህን አምስታችንም ዘንግተነዋል። ገላጭ ፋይል ለእኛ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው የተሠራ ይመስለን ነበር። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ከተማው በሙሉ ከዚያው ማከማቻ ጥቅሉን ይቀበላል።

ኬሪያ ስክሪኑን በእጇ መዳፍ ሸፈነችው።

"እዚህ ላይ ይበቃል። ወላሂ ይበቃል፣ እማዋይሽ።"

እሷ ከእኔ ቀድማ ወደ ታች አንብባ ነበር። እጇን አነሳሁት።

ፋይሉን ያዛወረው ለውጥ የቦታ ለውጥ ነው ይላል፤ ለሙከራ፣ በሁለት ሺህ ሦስት መቶ የትንፋሽ ማሽኖች ላይ የተደረገ። ደረጃው አነስተኛ። በደንባችን ፋይል ማዛወር እድሳት ስላልሆነ የሕክምና ማሽንን የሚከላከለው አንቀጽ አይመለከተውም፤ ጉባኤ መቀመጥም አያስፈልግም፤ የአንድ አባል ፊርማ ይበቃል። የፈረመው አባል ስም እማዋይሽ ደረሰ ነው።

በዚያ ወር አስራደን እያስታመምኩ ከቤት ነበር የምሠራው። በቀን እስከ አርባ አነስተኛ ለውጥ ይመጣልኛል። የፈረምኩበት ሰዓት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ይላል፤ የአስራደ የምሳ ሰዓት ነው። በአንድ እጄ ፈረምኩ። በሌላው ምን ይዤ እንደነበር አውቃለሁ። እሱንም አልጽፍም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ልዑልሰገድ ክፍሌ መጡ። ዘንቢሉን አዩትና ሳይጋበዙ ተቀመጡ።

"ኬሪያ ናት የሰጠችሽ?"

"ማን እንደሰጠኝ ለምን ያስፈልግዎታል?"

"አነበብሽው ማለት ነው።"

"አንብቤዋለሁ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ።

"እኔ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ማከማቻው የጠየቁትን ማሽኖች ይመዘግባል፤ ያንቺ ቤት ቁጥር አለበት። ፋይሉን ለሁሉም ማሽን የዚያኑ ቀን መለስኩ። ያንቺ ከሶኬት ስለተነቀለ አልደረሰውም። ከዚያ ለቅሶ ቤት መጥቼ ሳይሽ፣ ይህች ሴት ይህን ማወቅ የለባትም አልኩ። አጀንዳውን ያመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው። አዲሱ ደንብ ላይ ጠባቂው ሦስት ሰከንድ ጠብቆ ካጣ ያለ ፋይሉ ያስነሳል። ከእንግዲህ የሚጎዳ ሰው የለም።"

"ለእኔ ብቻ ብለው ነው ያመጡት?"

መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

"ሙከራው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማሽን ነው። ስንቶቹ ጠበቁ?"

"አብዛኞቹ ጥቂት ሰከንድ ነው የጠበቁት።"

"አብዛኞቹን አልጠየቅሁም፣ አቶ ልዑልሰገድ።"

"ከአስራደ ሌላ ሰባት" አሉ። "ሁሉም በጣም የታመሙ ነበሩ።"

"ሰባቱም ቤተሰቦች 'በትክክል ሠርቷል' የሚል ወረቀት ተሰጥቷቸዋል?"

"ተሰጥቷቸዋል። ምን እንዲሰጣቸው ነበር የፈለግሽው?" ድምጻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፤ ወዲያው ዝቅ አደረጉት። "እህቴ፣ ስሚኝ። ነገ እጅሽን አንሺ። ሐሙስ ይጸዳል። ፊርማሽም አብሮ ይጸዳል። ሰባቱ ቤቶች ሐዘናቸውን በእግዜር ሥራ ተቀብለው ተቀምጠዋል። ቢገለጥ ማነው የሚጠቀመው?"

ሲወጡ በሩን በቀስታ ዘጉት።

ሐሳቡን ወዲያው አልጣልኩትም። ይህን መናገር አለብኝ። ቤቴ ገብቼ ማሽኑን ቦታው መልሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ሐሙስ ካለፈ ምን እንደሚቀር አሰብኩ። ኬሪያ አትናገርም። እሳቸው አይናገሩም። ወረቀቱ ይቀራል፤ ወረቀቱ ደግሞ የሳንባ በሽታ ይላል። አስራደ በበሽታው የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ያስታመምኩት ሚስት። ይህ ከሰው የሚሰጥ ትንሽ ስጦታ አይደለም። ግን ስጦታውን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሰጪው እጅ ላይ ይቀር ነበር። የሙከራ ዝርዝር የሚያጸድቀው ሊቀመንበሩ ነው። የትንፋሽ ማሽን እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። እኔን ነበር የሚሸፍኑት ወይስ በእኔ ተከልለው ነበር? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት እሳቸውም አላወቁት ይሆናል።

በጉባኤው ልማድ የሚቃወም አባል ምክንያቱን ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ በቃሉ ያስጽፋል። ረቡዕ አጀንዳ ሦስት ሲጠራ "እቃወማለሁ" አልኩና መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "ይጠብቃል" የሚለውን አንድም ሳልዘል አነበብኩ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አቶ ፍቅረማርያም በመሃል ውሃ ቀድተው አልጠጡትም። ጸሐፊዋ መጻፏን ትታ ታየኝ ነበር።

ፊርማው ጋ ስደርስ ቶላ እጁን አነሳ።

"ይቅርታ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ። ይሄ... ይሄ እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ ነው የሚሉት?"

"ይግባ።"

"ስምዎም?"

"እኔ አልጨመርኩትም፣ ቶላ። እዚያው ላይ ያለ ነው። የሰባቱም ቤት አድራሻ ከማከማቻው ወጥቶ አብሮ ይግባ።"

ጸሐፊዋ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

"ምን ታዪኛለሽ? ጻፊያ!" አለቻት ኬሪያ።

ቶላ ሰኞ ዕለት ደጋፊ ነበር። እጅ ሲቆጠር ከእኔና ከኬሪያ ጋር አነሳ። ሦስት ለሁለት፤ ገላጭ ፋይሎች ከፕሮግራሙ ጎን ይቆያሉ፣ መዝገቦቹም አይጸዱም። አቶ ልዑልሰገድ ውጤቱን ሌላውን ውጤት ሁሉ በሚያነቡበት ድምጽ አነበቡት። ከዚያ "አጀንዳ አራት" አሉ።

ዓርብ ፈቃድ ወስጄ ወደ ጠባሴ ሰፈር ወረድኩ። በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ቤት እዚያ ነው። የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። ስሟ ሽታዬ ነው፤ የሞቱት አባቷ ናቸው።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። "ከጥቅል ጉባኤ ነው የመጣሁት፤ ስለ አባትሽ ማሽን።"

"ወረቀቱን ሰጥተውኛል እኮ። በትክክል ሠርቷል ይላል። ማሽኑን ልትወስጂ ነው?"

"አይደለም። ወረቀቱ ልክ አይደለም። የአባትሽ ማሽን ለዘጠኝ ደቂቃ ቆሞ ነበር። ያቆመውን ለውጥ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ እጅሽ ላይ ነው፤ ከፈቀድሽ ፋይሉን አምጥቻለሁ፣ አብረን እናነበዋለን።"

ፊቴን አየች። ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ ደረጃውን አየች፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ ለማወቅ።

"ማነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ማንም ሳይልክሽ፣ በሥራ ቀን፣ ይህን ልትነግሪኝ መጣሽ።"

"አዎ።"

"ምን ላይ እንድፈርም ነው የፈለግሽው?"

"ምንም ላይ።"

አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም። በሩን እንደያዘች ወደ ጎረቤት ቤት ዞራ "አስካለ! አስካለ፣ እስኪ አንዴ ነይማ!" ብላ ጠራች። አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

"ይቺ ሴትዮ ከመንግሥት ነው የመጣችው። የምትለው ነገር አላት። ብቻዬን አልሰማም፤ አብረሽኝ ስሚ" አለቻትና ወደ እኔ ተመለሰች። "በይ አሁን። ከመጀመሪያው ንገሪን።"

ከስሜ ጀመርኩ።